ከመጠምጠም መማር ይቅደም

በስፖርት ሞተር ብስክሌት ላይ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ዕቃ ስለ መግጠም

ከአንድ የ11ኛ ክፍል የሳይንስ ተማሪ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ለመጻፍ ብዕር ባነሣሁ ጊዜ፤ ከሩቅ አገር ስለ ተገኘ ትልቅ ነገር ከመጻፍ ይልቅ በገዛ ቤታችን ስለ ደረሰ አንድ ትንሽ ነገር መጻፍን መረጥሁ። ትንሽ ማለቴ ስለ ሽቦው ቅጥነት ነው እንጂ፤ ሊያደርስ የነበረው ጉዳትስ ቤተ ሰባችንን በሙሉ ጥቁር ሊያለብስ ይችል ነበር።

አጎቴ ሥራቸው በደብረ ሲና፤ ቤታቸው ግን በደብረ ብርሃን ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ይወጣሉ፤ እሑድ ማታ ደግሞ ወደ ሥራቸው ይወርዳሉ። የሚመላለሱበትም አንድ ስፖርት ሞተር ብስክሌት ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድና የጣርማበርን ጉም የቀመሰ ሰው እንደሚያውቀው፤ በዚያ መንገድ ላይ እጅ ይደነዝዛል፤ ዐይንም አያይም። በዚህ ምክንያት አጎቴ ባለፈው ኅዳር ወር ሦስት ነገሮች አስገጠሙ። እነርሱም የመሪ መያዣ ማሞቂያ፣ ሁለት የጉም መብራቶችና የተንቀሳቃሽ ስልክ መሙያ ናቸው። የገጠመላቸው ሰው ሥራውን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨርሶ፤ መብራቱን አብርቶ አሳያቸውና ሸኛቸው።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ማታ፤ አጎቴ የጣርማበርን ዋሻ አልፈው ቁልቁለቱን መውረድ እንደ ጀመሩ፤ በአንድ ጠመዝማዛ ላይ መሪውን ሲያዞሩ የፊት መብራታቸውም የጉም መብራታቸውም በአንድ ጊዜ ድርግም ብሎ ጠፋ። በአንድ በኩል ተራራ፤ በሌላው በኩል ገደል ነው። እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ከኋላቸው አንድ የጭነት መኪና ይመጣ ስለ ነበር፤ ሾፌሩ ነገሩ ገብቶት ክላክሱን እየነፋ መብራቱን በረጅሙ አበራላቸው። እሳቸውም በዚያ ብርሃን ዳር ይዘው ቆሙ።

ሞተሩ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ቤት በመጣ ጊዜ፤ «ጋሼ፤ ፈቃድዎ ከሆነ እኔና የፊዚክስ መምህሬ እንየው» ብዬ ለመንኋቸው። «ልጄ፤ ከዚህ የባሰ አታደርጉትም» አሉኝ። መምህራችንም በትሕትና እሺ ብለው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መጡ። የፕላስቲኩን ሽፋን ስንፈታ ምክንያቱ ወዲያው ተገኘ። የሦስቱም ዕቃዎች ሽቦ ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ በጣት ተጠምጥሞ ተቀጥሏል፤ በላዩም ናስትሮ ተጠቅልሎበታል። ከዚያም ሽቦው በመሪው አንገት አጠገብ ሳይታሰር ስላለፈ፤ መሪው በዞረ ቁጥር ከብረቱ ጋር እየተፋተገ የላስቲክ ልባሱ ተልጦ ነበር። እርቃኑን የቀረው ሽቦ የሞተሩን ሻንሲ በነካ ጊዜ የፊት መብራቱ ፊውዝ ተቃጠለ። ከዚያ ፊውዝ የሚመገበው ሁሉ አብሮ ጠፋ።

መምህራችን የተቃጠለውን ፊውዝ በእጃቸው ይዘው፤ «ይህ ፊውዝ ጥፋተኛ አይደለም፤ ሥራውን በታማኝነት ፈጽሟል። እርሱ ባይኖር ኖሮ ሽቦው ከቤንዚን ታንክ በታች ይነድ ነበር። ጥፋቱ ግን የሕይወት መብራትንና የምቾት ዕቃን በአንድ ፊውዝ ማሰር ነው» አሉ። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በሙሉ በዚህ አነጋገር ውስጥ ይገኛል።

ኃይሉ ከወዴት ይመጣል?

ብዙ ሰው የሞተር ብስክሌት መብራት የሚበራው በባትሪ ነው ብሎ ያምናል። ሞተሩ በቆመ ጊዜ ይህ እውነት ነው። ሞተሩ ሲሠራ ግን ኃይሉን የሚሰጠው አልተርኔተሩ ነው። በአብዛኞቹ ስፖርት ሞተሮች ውስጥ ቋሚ ማግኔት ከሞተሩ ዘንግ ጋር ሲሽከረከር፤ በዙሪያው ባሉት የመዳብ ጥቅሎች ላይ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህም ሬጉሌተር በሚባለው ዕቃ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ተለውጦ ወደ ባትሪው ይገባል። ጤነኛ ባትሪ በዕረፍት ላይ ሳለ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ይደርሳል።

ስፖርት ሞተር ከሌላው የሚለይበት ምክንያት አለ። እንደ ሱዙኪ ጂ.ኤስ.ኤክስ.አር 750 ያሉ፤ በ1985 እ.ኤ.አ. የወጡ ሞተሮች ለውድድር ከሚሠሩት ጋር እንዲመሳሰሉ ተደርገው ስለ ተሠሩ፤ ከዚያ ወዲህ የስፖርት ሞተር ሠሪዎች ዋና ሐሳብ ክብደትን መቀነስ ሆኗል። ስለዚህ ባትሪው ትንሽ ነው፤ በሽፋኑ ሥር ያለውም ቦታ ጠባብ ነው። ለምሳሌ ያማሃ አር 6፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጡት ሞዴሎቹ የሚጠቀምበት ባትሪ 12 ቮልትና 8.6 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ ሞተሩን ለማስነሣት ይበቃል እንጂ፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ብዙ ዕቃ ለመመገብ አቅም የለውም።

አስቀድሞ ሂሳብ

ሽቦ ከመቁረጥ በፊት እርሳስና ወረቀት ማንሣት ይገባል። በክፍል እንደ ተማርነው፤ ኃይል በዋት ሲቆጠር ቮልት በአምፔር ተባዝቶ ይገኛል። እንግዲህ ዋቱን ለ12 ብናካፍል አምፔሩን እናገኛለን። በአጎቴ ሞተር ላይ ያሉት ዕቃዎች ሂሳብ እንዲህ ነው።

1ኛ/ የመሪ መያዣ ማሞቂያ 36 ዋት ነው፤ ስለዚህ 3 አምፔር ይወስዳል።
2ኛ/ ሁለቱ የጉም መብራቶች እያንዳንዳቸው 20 ዋት፤ በድምሩ 40 ዋት ናቸው፤ ስለዚህ 3.3 አምፔር ይወስዳሉ።
3ኛ/ የስልክ መሙያው በ5 ቮልት 2 አምፔር፤ ማለት 10 ዋት ይሰጣል። በመንገድ የሚባክነውን ጨምረን 12 ዋት ብንለው 1 አምፔር ይወስዳል።

ድምሩ 88 ዋት ወይም 7.3 አምፔር ገደማ ነው። አልተርኔተሩ ሞተሩ በፍጥነት ሲሠራ 350 ዋት ይሰጣል እንበል፤ ሞተሩ ራሱ ደግሞ ለፊት መብራት፣ ለነዳጅ ፓምፕና ለካንዴላ 230 ዋት ይፈልጋል እንበል። የሚተርፈው 120 ዋት ስለ ሆነ 88ቱ ዋት ይበቃዋል። ሆኖም ሞተሩ ቆሞ በዝግታ ሲሠራ አልተርኔተሩ የሚሰጠው ከዚህ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ነጂው በከተማ ውስጥ ቆሞ በሚጠብቅበት ጊዜ ማሞቂያውን ማጥፋት ይገባዋል። እውነቱን ለማረጋገጥ ቴስተር በባትሪው ላይ አድርጎ፤ ሁሉንም ዕቃ አብርቶ፤ ሞተሩን ከፍ አድርጎ ማየት ነው። ቮልቱ ከ13 በላይ ሆኖ ከቆየ መልካም ነው፤ ከ12.8 በታች ከወረደ ግን ባትሪው ከሚቀበለው ይልቅ የሚሰጠው በዝቷል ማለት ነው።

ስለ ሽቦ ውፍረት

ሽቦ እንደ ውሃ ቦይ ነው። ጠባብ ቦይ ብዙ ውሃ ሲለቀቅበት እንደሚሞላና ዳሩን እንደሚያፈርስ፤ ቀጭንም ሽቦ ብዙ አምፔር ሲያልፍበት ይሞቃል። ጀርመናዊው ጊዮርግ ሲሞን ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሕግ መሠረት፤ በሽቦው ላይ የሚጠፋው ቮልት የአምፔሩና የሽቦው ተቃውሞ ብዜት ነው። 1 ሜትር ርዝመትና 1 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ተቃውሞው 0.017 ኦም ያህል ነው።

ከባትሪው እስከ መሪው 1.5 ሜትር ነው ብንል፤ መሄጃውና መመለሻው 3 ሜትር ይሆናል። 0.5 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ ቀጭን ሽቦ 7.3 አምፔር ብናሳልፍ፤ ተቃውሞው 0.1 ኦም ያህል ስለ ሆነ 0.7 ቮልት በመንገድ ይጠፋል፤ ከ5 ዋት በላይም በሽፋኑ ሥር ወደ ሙቀት ይለወጣል። በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ብንሠራው ግን የሚጠፋው 0.15 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ለዋናው መስመር 2.5፤ ወደ እያንዳንዱ ዕቃ ለሚሄደው ቅርንጫፍ 1 ካሬ ሚሊሜትር መረጥን። ሽቦውም ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ መሆን አለበት። ለቤት ግድግዳ የሚሆነው ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ በሞተሩ መንቀጥቀጥ ይሰበራልና።

ስለ ፊውዝ

ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ይህን ብዙዎች አያስተውሉም። ባትሪ ትንሽ ቢሆንም፤ ፖዘቲቩ በባዶ ሽቦ ከሻንሲው ጋር ቢገናኝ ከመቶ አምፔር በላይ በቅጽበት ሊያፈስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሽቦው ራሱ እንደ ምድጃ ይግላል። ፊውዝ ግን ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ የሰንሰለት ቀለበት ስለ ሆነ፤ ሌላው ከመቃጠሉ በፊት እርሱ ይቆረጣል።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ሕጎች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ፊውዙ በተቻለ መጠን ለባትሪው ቅርብ መሆን አለበት። በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውምና። ሁለተኛው የፊውዙ ቁጥር ዕቃው ከሚወስደው ጥቂት የሚበልጥ፤ ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው ግን የሚያንስ ይሁን። ስለዚህ በባትሪው አጠገብ ለዋናው መስመር 10 አምፔር፤ ለማሞቂያው 5፤ ለጉም መብራቱ 5፤ ለስልክ መሙያው 3 አምፔር አደረግን። ቀለማቸውም ለመለየት ይረዳል። 3 አምፔሩ ሐምራዊ፤ 5ቱ ቀላል ቡናማ፤ 10ሩ ቀይ፤ 15ቱ ሰማያዊ፤ 20ው ቢጫ፤ 30ው አረንጓዴ ነው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ትልቅ ቁጥር ያለውን መተካት፤ ወይም በሲጋራ ወረቀት ብር ጠቅልሎ መክተት፤ ዘበኛን አሥሮ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

ስለ ሪሌ

ዕቃዎቹን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ብናገናኝ የፊት መብራቱን አንነካም፤ ነገር ግን ሌላ ችግር ይመጣል። ነጂው ቁልፉን ነቅሎ ቢሄድም ዕቃው ባትሪውን ሲጠባ ያድራል። ስልክ ያልተሰካበት መሙያ እንኳ 20 ሚሊአምፔር ቢወስድ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ 0.48 አምፔር ሰዓት ይሆናል። 8.6 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በ9 ቀን ውስጥ ግማሹን ያጣል ማለት ነው።

የዚህ መድኃኒት ሪሌ ነው። ሪሌን በአንድ ትልቅ ግቢ ዘበኛ እመስለዋለሁ። የቤቱ ጌታ ከባዱን በር በራሳቸው አይገፉም፤ ድምፅ ያሰማሉ፤ ዘበኛው ይከፍታል። እንደዚሁም ትንሽ ኤሌክትሪክ በሪሌው ውስጥ ወዳለው ጥቅል ሲገባ ጥቅሉ ማግኔት ይሆናል፤ ማግኔቱም ትልቁን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውን መገናኛ ይስባል። በተለመደው የመኪና ሪሌ እግሮች ላይ ቁጥሮች ተጽፈዋል። አሠራራቸውም ይህ ነው።

በ30 ላይ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ10 አምፔር ፊውዝ በኩል የመጣው ወፍራም ሽቦ ይገባል።
በ87 ላይ ወደ ሦስቱ ትንንሽ ፊውዞች የሚሄደው ሽቦ ይወጣል።
በ86 ላይ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ቀጭን ሽቦ ይገባል። እኛ ከኋላ መብራቱ ሽቦ ወሰድን።
በ85 ላይ ወደ ኔጋቲቭ፤ ማለት ጋራዦች «ማሳ» ወደሚሉት የሚሄደው ሽቦ ይታሰራል።

ባለ አምስት እግር ሪሌ ሲሆን በመካከል 87ኤ የሚባል አለ። እርሱ ሪሌው በዕረፍት ላይ ሳለ የሚገናኝ ስለ ሆነ ከ87 ጋር እንዳይምታታ ያስፈልጋል። የሪሌው ጥቅል የሚወስደው 0.15 አምፔር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከኋላ መብራቱ ሽቦ የተበደርነው ከምንም አይቆጠርም፤ ከባዱን ጭነት የሚሸከመው ግን ራሱን የቻለው አዲስ መስመር ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ/ ሥራው ነፋስ በሚገባበት ቦታ፤ ከከሰል ምድጃና ከማናቸውም እሳት ርቆ ይሠራል። የቤንዚን ታንኩ ክዳን የተዘጋ ይሁን።

2ኛ/ ባትሪው ሲፈታ አስቀድሞ ኔጋቲቩ፤ ሲታሰር ግን ኔጋቲቩ በመጨረሻ ነው። ምክንያቱም ሻንሲው በሙሉ ከኔጋቲቭ ጋር የተገናኘ ነው። ኔጋቲቩ ሳይፈታ ፖዘቲቩን የምንፈታበት መፍቻ ብረቱን ቢነካ እሳት ይረጫል። ኔጋቲቩ አስቀድሞ ከተፈታ ግን መፍቻው ቢነካ ምንም አይሆንም።

3ኛ/ ሽቦው ከመቆረጡ በፊት በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ተዘርግቶ ይለካል። በመሪው አንገት በኩል ሲያልፍ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዞሮ ይታያል፤ ሽቦው መወጠርም መቆንጠጥም የለበትም። የነዳጅ መስጫው ገመድም በነጻ ተመልሶ መግጠሙ ይረጋገጣል። መሪው ሲዞር ሞተሩ በራሱ ፍጥነት ከጨመረ ትልቅ አደጋ ነውና።

4ኛ/ ሽቦው ከጭስ ማውጫውና ከሞተሩ ግለት ይራቅ። በየጥቂቱ ርቀት በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰር፤ ብረት በሚነካበትም ቦታ በላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይግባ።

5ኛ/ መቀጠያው በጣት ተጠምጥሞ አይቀርም። የሽቦው ጫፍ በመጭመቂያ ፒንሳ ከመገናኛው ጋር ተጨምቆ፤ በላዩ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ይለብሳል። በእርሳስ መበየድም ይቻላል፤ ነገር ግን ብየዳው የሽቦውን ክሮች እንደ አንድ ዘንግ ስለሚያደርጋቸው፤ ብየዳው በሚያበቃበት ቦታ ላይ መንቀጥቀጡ እንዳይሰብረው አጠገቡ በደንብ መታሰር አለበት።

6ኛ/ የማሳው ሽቦ በቀለም ላይ አይታሰር። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። እኛ ሁሉንም ማሳ ሰብስበን ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ መለስነው።

7ኛ/ ሽፋኑ ከመገጠሙ በፊት እያንዳንዱ ዕቃ በየተራ ይፈተናል፤ ቁልፉም ሲነቀል ሁሉም መጥፋቱ ይታያል።

8ኛ/ የጉም መብራቶቹ ወደ ታች ዝቅ ብለው ይስተካከላሉ። ቀና ካሉ ጉሙ ብርሃኑን ወደ ነጂው ዐይን ይመልሰዋል፤ ከፊት የሚመጣውንም ሾፌር ያሳውራሉ።

ስለ ፍሬቻና ስለ አዳዲስ ሞተሮች

አንዳንድ ወጣቶች የፍሬቻውን አምፖል አውጥተው በኤል.ኢ.ዲ. ይለውጡታል። ከዚያ በኋላ ፍሬቻው ከመጠን በላይ ይፈጥናል፤ እነርሱም ዕቃው የተበላሸ ይመስላቸዋል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። የቀድሞው አምፖል 21 ዋት ሲሆን አዲሱ ጥቂት ዋት ብቻ ይወስዳል። ብልጭታውን የሚሰጠው ዕቃ ጭነቱ ሲያንስበት አምፖል የተቃጠለ ስለሚመስለው ነጂውን ለማስጠንቀቅ ይፈጥናል። መፍትሔው ለኤል.ኢ.ዲ. የሚሆነውን መተካት ነው። ተቃውሞ ጨምሮ ማታለልም ይቻላል፤ ነገር ግን ተቃውሞው ስለሚግል ፕላስቲክ ሊያቀልጥ ይችላል።

በአንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ደግሞ መብራቱንና ሌላውን ክፍል የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር ነው። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ከማናቸውም ሽቦ መበደር ኮምፒዩተሩን ሊያሳስተው ስለሚችል፤ ሠሪው ለተጨማሪ ዕቃ ያዘጋጀውን መገናኛ ከመመሪያው መጽሐፍ ፈልጎ መጠቀም ይሻላል።

መደምደሚያ

ሥራውን ለመጨረስ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። አጎቴ በመጀመሪያ፤ «ያ ሰው በአንድ ሰዓት የጨረሰውን እናንተ ሁለት ሳምንት?» ብለው ስቀውብን ነበር። መምህራችንም፤ «ጌታዬ፤ እርሱ የጨረሰው መጠምጠሙን ነው» ብለው መለሱላቸው።

በግንቦት ወር አንድ እሑድ ማታ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። አጎቴ ደብረ ሲና እንደ ደረሱ በስልክ ያስታውቁን ስለ ነበር፤ ስልኩ ሳይደወል በቀረ ጊዜ እናቴ ከበሩ ላይ አልተነሣችም። እኔም በልቤ የሠራሁትን ሽቦ አንድ በአንድ እቆጥር ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሰው ስልክ ደወሉ። ውሃ ወደ ስልክ መሙያው ገብቶ 3 አምፔሩ ፊውዝ ተቃጥሏል፤ ስልካቸውም ሞቷል። የፊት መብራታቸውና የጉም መብራታቸው ግን ጣርማበርን አሳልፈው እስከ ደብረ ሲና አድርሰዋቸዋል። በዚያች ሌሊት ዋጋው ከአንድ ዳቦ የማይበልጥ ሐምራዊ ፊውዝ ምን ያህል እንደሚከበር ተረዳሁ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ወላጆቻችንም፤ በሞተራችሁ ላይ አንድ ነገር ስታስገጥሙ «ይበራልን?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «ይህ ዕቃ ቢበላሽ አብሮት ምን ይጠፋል?» ብላችሁም ጠይቁ። መልሱ «ከእርሱ በቀር ምንም» እስኪሆን ድረስ ሥራው አላለቀም።

ለተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

1ኛ/ 18 አምፔር የሚወስድ የአየር ክላክስ ብንገጥም፤ በ12 ቮልት ስንት ዋት ነው? ከላይ በተሠራው የ10 አምፔር መስመር ላይ ሊታሰር ይችላልን? ለምን?

2ኛ/ ርዝመቱ በድምሩ 3 ሜትር፤ ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ 7.3 አምፔር ቢያልፍ ስንት ቮልት ይጠፋል?

3ኛ/ የባትሪው ኔጋቲቭ በመጨረሻ የሚታሰርበትን ምክንያት፤ ለታናሽ ወንድምህ ወይም ለታናሽ እኅትሽ እንደምታስረዱ አድርጋችሁ ጻፉ።